በቡና አብቃይ ከተማ ላለ ሱቅ ዓመታዊ በጀት እንዴት ይሠራል?

ጅማ፣ ዲላ ወይም ይርጋለም ላይ የልብስ ወይም የቤት ዕቃ ሱቅ ያለው ሰው የዓመቱን ሽያጭ ለ12 አካፍሎ በጀት ከያዘ፣ ክረምት ላይ የኪራይ ገንዘብ ያጥረዋል። በእነዚህ ከተሞች ብር በብዛት የሚንቀሳቀሰው ቡና ሲለቀም፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በጀቱም ይህን ወቅት ተከትሎ በየወሩ መሠራት አለበት።

1. ሽያጩን በወር ይለዩ

ያለፉትን ሁለት ዓመታት መዝገብ አውጥተው እያንዳንዱን ወር ለብቻው ይደምሩ። እጅ በእጅ የተሸጠውንና ዱቤውን በተለያየ ዓምድ ይጻፉ፤ ሐምሌ ላይ በዱቤ የወጣ ዕቃ ብሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኅዳር ላይ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ በዋጋው ላይ የሚጨመረው 15 በመቶ የመንግሥት ስለሆነ ሽያጩን ያለ እሱ ይያዙ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አይደባልቋት፤ ኪራይና ደመወዝ ባይከፈልባትም የአዲስ ዓመት ገበያ አለባት።

2. ቋሚ ወጪውን ይደምሩ

ለምሳሌ ኪራይ 20,000 ብር፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 24,000፣ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ 2,640፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ ስልክና ትራንስፖርት 13,360 ቢሆን ድምሩ 60,000 ብር ነው። ምሳሌው የባለቤቱን የቤት ወጪ አልያዘም፤ በራስዎ በጀት ግን እሱ ካልገባ በጀቱ የውሸት ነው።

3. ትርፉን በመተኪያ ዋጋ ያስሉ

ብዙ ሱቅ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። በ750 ብር የመጣ ዕቃ በ1,000 ሲሸጥ ትርፉ 25 በመቶ ይመስላል፤ ቋሚ ወጪውን ለመሸፈንም በወር 240,000 ብር መሸጥ ይበቃል (60,000 ለ0.25 ሲካፈል)። ያው ዕቃ ዛሬ ከጅምላ ሻጩ የሚተካበት ዋጋ፣ ማለትም መተኪያ ዋጋው፣ 825 ብር ከሆነ ግን ትክክለኛው ትርፍ 175 ብር፣ መሸጥ ያለብዎትም ወደ 343,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ያኔ በድሮው ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ነጋዴ በያዘው ብር መደርደሪያውን መልሶ መሙላት አልቻለም።

4. የአካባቢውን ምልክት ያንብቡ

ቡናው የሚያብበው የካቲትና መጋቢት አካባቢ በሚጥለው ዝናብ ስለሆነ የመጪውን ምርት መጠን ከወራት በፊት መገመት ይቻላል። አምና ብዙ የያዘ ቡና ዘንድሮ ሊደክም እንደሚችልም ያስቡ። የዓለም ዋጋን የሚያናውጠው በዋናነት ብራዚል ላይ የሚደርሰው ድርቅና ውርጭ ነው። ጥቅምት ሲገባ ግን ከሁሉ የሚታመነው እሸት ቡና በመረከቢያ ጣቢያዎች በኪሎ ስንት እንደሚገዛ ነው።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የግሽበት መግለጫ ሲያነቡ ይጠንቀቁ። ግሽበት ከ20 ወደ 15 በመቶ ወረደ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የጭማሪው ፍጥነት ነው የቀነሰው። የነዳጅ ዋጋ ተከልሶ ሲጨምር ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት ኪራይም አብሮ ይነሣል።

5. ሦስት ግምት ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ወር ደህና፣ መካከለኛና ደካማ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያስምሩ። ዕቃ የሚያዙት በመካከለኛው፣ መጠባበቂያ የሚይዙት በደካማው ነው። በመተኪያ ዋጋ የተሰላው ትርፍ 25 በመቶ ቢሆንና ሐምሌ ላይ 150,000 ብር ብቻ ከተሸጠ ትርፉ 37,500፣ ጉድለቱ 22,500 ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ ካለፉ 67,500 ብር ያስፈልጋል፤ ይህን ከኅዳርና ከታኅሣሥ ሽያጭ ላይ አንሥተው በተለየ የባንክ ሂሳብ ያስቀምጡ። የመኸሩን ዕቃ በሙሉ መስከረም ላይ አያምጡ፤ ግማሹን አስመጥተው ቀሪውን የእሸቱ ዋጋ ከታየ በኋላ ይዘዙ።

ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የታቀደውንና የሆነውን ያስተያዩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ቀሪዎቹን ወራት እንደገና ያስሉ። ዕቁብ ካለብዎት የሚጥሉትን በየወሩ ወጪ ላይ ይመዝግቡ፤ ዕጣው ግን እጅዎ እስኪገባ ድረስ በጀት ውስጥ አይግባ፣ መቼ እንደሚወጣልዎት አይታወቅምና።