ፓድል ሺፍተር ለፎር ዊል መኪና የሚጠቅመው ቁልቁለት ላይ ነው

ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ በአውቶማቲክ መኪና ስትወርዱ ፍሬን ደጋግማችሁ ከረገጣችሁ ሸራው ይግላል፤ የመያዝ አቅሙም ይደክማል። ከመሪው ጀርባ ፓድል ሺፍተር (በጣት እየሳባችሁ ማርሽ የምትቀይሩበት ትንሽ ማንሻ) ካላችሁ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ መንገዱ ገና ቀጥ ባለበት፣ የማርሽ ዘንጉን ካምቢዮው ራሱ ማርሽ ከሚመርጥበት ከ«ዲ» እናንተ ወደምትመርጡበት ወደ «ኤም» አድርጉና አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል የሚገኘውን፣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ፓድል አንድ በአንድ እየሳባችሁ ወደ 3ኛ፣ ካስፈለገም ወደ 2ኛ ማርሽ አውርዱት። «ዲ» ላይ እንዳለ ብትስቡት ለውጡ በብዙ መኪኖች ጊዜያዊ ስለሆነ ካምቢዮው ጥቂት ቆይቶ በራሱ ወደ ቀላል ማርሽ ይመለሳል፤ በ«ኤም» ግን የመረጣችሁትን ከባድ ማርሽ ይዞ ስለሚቆይ፣ ነዳጅ ያልተሰጠው ሞተር መኪናውን እየያዘ ያወርደዋል፤ ፍሬኑም በዋናነት ለመታጠፊያው ይቀራል።

ፓድል ለፎር ዊል መኪና ጌጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ እጅ ከመሪ ሳይነሳ ማርሽ መቀየር በእንዲህ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ከአስፋልት ወጥታችሁ በኮረኮንች ላይ መሪውን ብዙ የምታዞሩ ከሆነና ፓድሉ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ፣ መሪው ግማሽ ዙር ሲዞር የግራው ወደ ቀኝ ስለሚሄድ እጅ በቀላሉ ይሳሳታል፤ እዚያ ላይ በማርሽ ዘንጉ ተጠቀሙ። በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ማርሹን በአንድ ጊዜ ብዙ አታውርዱ፤ ጎማው ድንገት ሲያዝ ይንሸራተታልና።