የመኪናው ቴፕ ድምፅ መጨመሪያ አልታዘዝ ሲል

ቴፑ ይሠራል። መብራቱ በርቷል፣ ጣቢያው ይቀያየራል፣ ብሉቱዙም ስልኩን አግኝቷል። ድምፁ ግን ንቅንቅ አይልም። ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ብታዞሩት ወደ ግራ፣ ያው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይባስ ብሎ ስትጨምሩት ይቀንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቴፑ አለቀለት» ብሎ አንድሮይድ ስክሪን ፍለጋ ይወጣል። አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ሙሉው ቴፕ ሳይሆን ከማዞሪያው ሥር ያለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዕቃ ናት።

መጀመሪያ በሌላ መንገድ ሞክሩ

ካቻቢቴ ከመያዛችሁ በፊት ድምፁን ማዞሪያውን ሳትነኩ ጨምሩት። መሪው ላይ ቁልፍ ካለ በሱ፣ ሪሞት ካለው በሪሞት፣ ስክሪን ከሆነ በጣት። በዚያ መንገድ ከጨመረ ጥፋቱ የማዞሪያው ነው። በዚያም አልጨምር ካለ ማዞሪያው ንጹህ ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ይህን ሳያዩ ዳሽቦርድ የሚፈታ ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

በሌላውም መንገድ እምቢ ካለ

በብሉቱዝ ስታዳምጡ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሁለት ነው፤ የስልኩና የቴፑ። ስልኩ ዝቅ ብሎ ከሆነ ቴፑን እስከ መጨረሻው ብታዞሩትም የሚወጣው ሹክሹክታ ነው። ወደ ሬዲዮ ቀይሩና ስሙ። ሬዲዮው ደህና ከጮኸ መፍትሄው ስልኩ ላይ ነው። የስልክ ጥሪ ድምፅም በብዙ ቴፖች ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ጥሪ ላይ ሆናችሁ ያዞራችሁት የጥሪውን እንጂ የሙዚቃውን አይለውጥም።

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም? ይሄ የማዞሪያ ችግር አይደለም፤ ትእዛዙ ደርሷል። ሚዩት (ድምፅ ማጥፊያው በርቶ) መሆኑን እዩ። በአንዳንድ ቴፖች ጀርባ ደግሞ ለስልክ ጥሪ ተብሎ የተተወ የሚዩት ሽቦ አለ። ቴፕ የገጠመው ሰው ጫፉን ሳይጠቀልል ከተወውና ከመኪናው ብረት ጋር ከተነካካ፣ ቴፑ ጥሪ የመጣ መስሎት ዝም ይላል። ጫፉን በቴፕ ፕላስተር መጠቅለል ይበቃል። ሚዩትም ካልሆነ ወደ ስፒከር የሚሄደውን ሽቦና ማጉያውን መርምሩ።

አንድሮይድ ከሆነና ጣትም ማዞሪያም አልሰማ ካለ ደርቆ ነው። በብዙዎቹ ፊት ላይ ሪሴት የሚባል ቀዳዳ አለ። የሲም ካርድ ማውጫ መርፌ አስገብታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት። ያስቀመጣችኋቸው ጣቢያዎች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ያ ቀላል ነው።

ጨምሬው ተመልሶ ይቀንሳል

ማዞሪያው ይሰማል፤ እጃችሁን ስታነሱ ግን ቁጥሩ ብቻውን ይወርዳል። መጠርጠር ያለበት መሪው ነው። የመሪው ቁልፍ ቡና ወይም ለስላሳ ፈሶበት ከተጣበቀ «ቀንስ፣ ቀንስ» እያለ ያለማቋረጥ ይልካል። ማዞሪያው ሲጨምር ያ ሲቀንስ፣ ሁለቱ ይጓተታሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቴፑን አውጥታችሁ ከመሪው የሚመጣውን ሽቦ ብቻ ንቀሉ። ችግሩ ከጠፋ ቴፑን ተዉት።

የመሪው ቁልፎች በሙሉ አልሠራ ብለው ጡሩንባውም ዝም ካለ፣ የኤርባግ መብራትም ከበራ፣ ከመሪው ሥር የሚጠቀለለው ሪባን፣ ክሎክ ስፕሪንግ የሚሉት፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። መሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ በስህተት ከፈነዳ ፊት ያበላሻል። ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ስጡት።

መኪናው ሲፈጥን የሚጨምር፣ ሲቆም የሚቀንስ ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም። ቶዮታ ኤኤስኤል ይለዋል፣ ሆንዳ ኤስቪሲ። ከድምፅ ሴቲንግ ውስጥ አጥፉት።

ማዞሪያው ባዶውን ይዞራል

ምንም ሳይከብድ ሽው ካለ ቆቡ ተሰንጥቋል። የላይኛውን ፕላስቲክ በቀጥታ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ በብዙዎቹ ላይ ይወጣል። ከሥሩ በአንድ ጎኑ የተቆረጠ ዘንግ ታያላችሁ። ዘንጉን በጣታችሁ ስታዞሩት ድምፁ ከጨመረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሌላ ቆብ ግዙ፤ እስኪገኝ ዘንጉ ላይ ስስ ፕላስተር ጠቅልላችሁ መልሱት። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ሙጫው ወደ ውስጥ ከወረደ ደህናውንም ዘንግ ያጣብቀዋል።

ይዘላል፣ ስጨምረው ይቀንሳል፣ አንዳንዴ ይሰማል አንዳንዴ ዝም

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። የዛሬ ቴፖች ማዞሪያ መጨረሻ የለውም፤ እንደፈለጋችሁ ይዞራል፣ በየመሃሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። ውስጡ ያለው ኢንኮደር ይባላል። ስታዞሩት በሁለት መስመር አጫጭር ምልክት ይልካል። ሁለቱ እኩል አይነሱም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ይከተላል። ቴፑ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ ያዞራችሁት የሚያውቀው የትኛው እንደቀደመ አይቶ ነው።

አሁን የአንዱ መስመር ብረት አቧራ ቢይዝ፣ ቢዝግ ወይም የፋብሪካው ግሪስ ደርቆ ቢሸፍነው፣ ቴፑ ማን እንደቀደመ ግራ ይገባዋል። ለዚህ ነው ስትጨምሩ የሚቀንሰው። የኛ አገር የኮረኮንች መንገድ አቧራ ደግሞ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ታክሲ ላይ ይብሳል፤ ጋቢና የተቀመጠ ሁሉ ነካ ያደርገዋል።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። መኪናውን አጥፉ፣ ከባትሪው የኔጌቲቩን ሞርሴቶ፣ ሽቦውን ባትሪው ላይ የሚያስረውን ብረት፣ በ10 ቁልፍ ፍቱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፦ አንዳንድ የፋብሪካ ቴፖች ባትሪ ሲነቀል የሌባ መከላከያ ኮድ ይጠይቃሉ። ኮዱን ሳታውቁ ከነቀላችሁና ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል፤ የድምፁ ነገር ያኔ ትንሹ ችግራችሁ ይሆናል።

ቆቡን አውጡ። ከሥሩ ሶፍት ጠቅልሉ፤ ፈሳሹ ወደ ስክሪኑ ከወረደ ጠባሳ ይተዋል። የኤሌክትሮኒክስ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ በቀጭኑ ቱቦ አድርጋችሁ ዘንጉ ሥር በጥቂቱ ንፉ። ወዲያው ዘንጉን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ደጋግማችሁ አዙሩ፤ ቆሻሻውን የሚፍቀው ማዞሩ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይድረቅ፣ ከዚያ ባትሪውን መልሱ።

ጋራዥ ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚነፋው ተራው ደብሊውዲ 40 ለዚህ አይሆንም። ለጊዜው ይሠራል፤ የሚተወው ዘይት ግን አቧራ ይሰበስብና በሽታው ይመለሳል። ያው ኩባንያ ለኮንታክት ብቻ የሠራው ሌላ ማጽጃ አለው፤ ቆርቆሮውን አንብቡ። የፋርማሲ አልኮልም ሲጨንቅ ይሆናል፤ ግን 70 በመቶ የሚል ከሆነ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይድረቅ።

ከጽዳቱ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ደህና ሆኖ ከተመለሰ ብረቱ ተበልቷል። መቀየር ነው። ቴፑን ማውጣት፣ ቦርዱ ላይ መድረስ፣ አሮጌውን አንስቶ አዲሱን መበየድ። ፍሬሙን የምትነቅሉት በፕላስቲክ መሣሪያ ይሁን፤ ካቻቢቴ ዳሽቦርዱን ይፍቀዋል። ጠዋት በብርድ አትጀምሩ፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራል። ሶኬቶቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። አሁንም መብራት እንደተነቀለ፣ ቴስተሩን «ጢጥ» የሚለው ላይ አድርጉት። በተለመደው ዓይነት ኢንኮደር ሦስት እግር በአንድ ወገን ተደርድሯል፤ መካከለኛው የጋራ ነው። መጫንም የሚችል ከሆነ በሌላው ወገን ሁለት እግር ይጨመራል። አንዱን ጫፍ መካከለኛው ላይ፣ ሌላውን ዳር ላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጢጥ ብሎ ማቆም፣ ጢጥ ብሎ ማቆም አለበት። በሁለተኛው ዳርም እንዲሁ። አንዱ ወገን ዝም ካለ ወይም ከተንተባተበ አገኛችሁት። ሁለቱም ጥርት አድርገው ከሠሩ ግን ኢንኮደሩን አትንኩት፤ ከእግሩ ሥር ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ በመበየጃ ሞቅ አድርጎ ማደስ ነው።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። በብዛት የሚገኘው ኢሲ11 የሚባለው ነው፤ የዘንጉ ርዝመትና ቅርፅ ግን ይለያያል። በቃል «የቪትዝ ቴፕ ማዞሪያ» ብትሉ የማይገጥም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሱማሌ ተራ ከተፈታ ተመሳሳይ ቴፕ ላይ የተነቀለም ሊገኝ ይችላል፤ እሱም ያረጀ ስለሆነ እዚያው በቴስተር ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ።

ክርርር የሚለው የድሮ ቴፕ

ካሴት የሚጫወቱት ላይ ማዞሪያው ሁለቱም ጫፍ ላይ ይቆማል። ይሄ ኢንኮደር ሳይሆን ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ ውስጡ ባለ የካርቦን መንገድ ላይ ብረት እየተንሸራተተ ድምፁን ይለውጣል። ሲዞር ክርርር ካለ፣ ወይም የሆነ ቦታ ላይ አንዱ ስፒከር ብቻ ከጠፋ ቆሽሿል። በዚያው ማጽጃ፣ በዚያው አኳኋን ይጸዳል። ካልዳነ የካርቦኑ መንገድ ተበልቷልና ሰውነቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር ተመሳሳይ የሆነ፣ ለግራና ለቀኝ ድርብ የሆነውን ቀይሩ። ነጠላውን ከገጠማችሁ የሚታዘዘው አንዱ ወገን ብቻ ነው።