የአሮጌ አይሱዙ ፍሬንና መሪ ሲከብድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአሰላ ስንዴ ጭኖ የወረደ አሮጌ አይሱዙ ፍሬኑ ደርቆ አዳማ ቢገባ፣ ጋራዥ ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። «ሰርቮው ሞቷል፣ ቀይረው።» መሪው ከከበደ ደግሞ «ፓምፑ አልቋል» ይባላል። ሁለቱም ውድ ዕቃ ናቸው። ተቀይረውም ችግሩ እዚያው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰርቮ፣ ማለትም የፍሬን ርግጫን የሚያግዘው ዕቃ፣ ጉልበት ተቀባይ ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ሌላ ነው። ምርመራ መጀመር ያለበት ከሰጪው ነው። እዚህ የማወራው ስለ ኤንፒአር ዓይነቱ፣ ፍሬኑ በዘይትና በቫኪዩም (አየር ተስቦ በሚፈጠር ባዶነት) ስለሚሠራው መኪና ነው። ሙሉ በሙሉ በአየር ፍሬን የሚቆሙት ትልልቆቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው።

ፔዳል ደረቀ ብሎ ሰርቮ መፍታት

የድሮ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የአየር መግቢያውን የሚያጠብ ክዳን የለውም። ስለዚህ በራሱ በቂ ቫኪዩም አይፈጥርም። ለሰርቮው አየር የሚስብለት ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል። በብዙ አሮጌ አይሱዙ ይህ ፓምፕ ያለው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) እሱንም ያዞራል። ቺንጋው ሲላላ ባትሪው አይሞላም፣ ፍሬኑም ይደርቃል። የባትሪ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ፍሬን ከከበደ ሰርቮውን ለጊዜው ተዉት። ሞተር አጥፉና ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጭናችሁ እዩ።

ሰርቮውን ለመፈተን መፍቻ አያስፈልግም። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪደርቅ ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ እርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሄደ ሰርቮው ጉልበት እያገኘ ነው። ካልተንቀሳቀሰ የቫኪዩም ቱቦውን ከሰርቮው ንቀሉ። ሞተሩ እየሠራ የቱቦውን አፍ በጣት ዝጉት። ጣታችሁን አጥብቆ ካልሳበ ችግሩ ከቱቦው ወደ ሞተር ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ቺንጋው፣ ፓምፑ፣ የአንድ አቅጣጫ ቫልቩ ወይም ራሱ ቱቦው ሊሆን ይችላል። አጥብቆ እየሳበ ፔዳሉ ካልወረደ ያኔ ሰርቮውን ጠርጥሩ።

አንድ ፈተና ይቀራል። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ርገጡና ሳትለቁ ሞተሩን አጥፉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ፔዳሉ እግራችሁን ወደ ላይ ከገፋው ቫኪዩሙ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።

ቱቦው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይንቀዋል። የቫኪዩም ቱቦ ሲቀደድ ተራ የውሃ ጎማ ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይሠራል። ሲሞቅ ግን ጎማው ይለሰልስና በመሳቡ ብዛት ይጣበቃል። ከጋራዡ ደህና የወጣው ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይደርቃል። ተመልሶ ሲመጣ ሞተሩ በርዷል፣ ቱቦው ተከፍቷል፣ መካኒኩም ምንም አያገኝም። ለቫኪዩም ተብሎ የተሠራውን ወፍራም ቱቦ ግዙ።

የማንዋሉን ቁጥር እንዳለ መውሰድ

የቫኪዩም ጌጅ (መለኪያ) ያለው መካኒክም ይሳሳታል። ማንዋሎች የሚሰጡት የቫኪዩም ቁጥር ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። አዳማ ግን ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት ወደ 620 ይወርዳል። አሰላ ደግሞ ወደ 565 ገደማ ነው። ፓምፕ ካለው አየር በላይ መሳብ አይችልም። ማንዋሉ 700 ካለ አዳማ ላይ 700 የሚያሳይ ፓምፕ በዓለም ላይ የለም። 560 አካባቢ አሳየ ተብሎ ደህና ፓምፕ የተጣለበት ባለንብረት ያሳዝነኛል።

ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ ሾፌሮች «ከፍታው ላይ ስወጣ ፔዳሉ ይከብደኛል» ሲሉም እውነታቸውን ነው። ሰርቮው የሚገፋው በውጭው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እገዛው ይቀንሳል። በአንዴ ከደረቀ ግን ከፍታው አይደለም፣ ብልሽት ነው።

ቱቦው ውስጥ ያለውን ዘይት አለማየት

የዲናሞው ቫኪዩም ፓምፕ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። ሲያረጅ ዘይቱን ወደ ቫኪዩም መስመሩ ሊያሳልፍ ይችላል። ቱቦውን ስትነቅሉ ውስጡ ጥቁር ዘይት ካለ ሰርቮውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዘይቱ የአዲሱንም ሰርቮ የውስጥ ጎማ ያበላሸዋል። መጀመሪያ ፓምፑ ይስተካከል።

የፍሬን ዘይት እየጎደለ ጎማዎቹም መሬቱም ደረቅ ከሆኑ ደግሞ ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ዕቃ) ከሰርቮው ፈቀቅ አድርጋችሁ መሃላቸውን እዩ። እርጥብ ከሆነ የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል።

የሚሰምጥን ፔዳል ከሚደርቅ ጋር ማምታታት

ደረቅ ፔዳል የእገዛ ችግር ነው። የሚሰምጥ ፔዳል ግን ከሰርቮ ጋር አይገናኝም። ማስተር፣ የገባ አየር፣ የሚያፈስ መስመር ወይም ያልተስተካከለ የፍሬን ሸራ ነው።

በፎሌ ወርዶ «ሰርቮው ከዳኝ» ማለት

ይሄኛው ሰው ይገድላል። ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ በአሰላና በአዳማ መሃል ያለውን የኢተያን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ በፎሌ (ያለ ማርሽ) መልቀቅ፣ የቫኪዩም ፓምፑንና የመሪውን ፓምፕ አብሮ ማጥፋት ነው። የተረፈው ቫኪዩም ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይበቃል። ሞተሩ ሳይጠፋ በፎሌ ቢወረድ እንኳ ጭነቱን ፍሬኑ ብቻ ይሸከማል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ የጠጣ አሮጌ ዘይት ቶሎ ይፈላል። ሰርቮውን ከመፍረድ በፊት ሁሉም ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ከላይ ያልኳችሁ ፈተና ይደገም።

መሪ ሲከብድ ፓምፕ መግዛት

የፊት ጎማ ንፋስ ለኩ። ቀጥሎ የፊቱን በክሪክ አንሡና ሞተር ጠፍቶ መሪውን በእጅ አዙሩ። ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው እንኳ ከከበደ ችግሩ ብረት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግራሶ ያጣ ኪንግ ፒን (የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ብረት)። ቀሎ ከዞረ ወደ ዘይቱ ሂዱ። ዘይቱ አረፋ ከሠራና ፓምፑ ከጮኸ አየር እየገባ ነው። አየር የሚያስገባው የመሳቢያ ቱቦ ደግሞ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፤ «አያፈስም» ብላችሁ አትለፉት። ወደ አንድ ጎን ብቻ ከከበደ ፓምፑ ጥፋት የለበትም፣ የመሪው ማርሽ ይታይ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሮ ይዞ መፈተን ይቅር፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከተያዘ ዘይቱ ይግልና ደህናውን ፓምፕ ይጎዳል።

በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ፍሬኑን የሚያግዘው ራሱ የመሪው ፓምፕ ነው። እነሱ ላይ መሪና ፍሬን አብረው ከከበዱ ከፓምፑና ከቺንጋው ጀምሩ።

ዘይት ማደባለቅ

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ስም የሌለው ዘይት የፍሬን ይሁን የመሪ በዓይን አይለይም። የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ይዞ ይቀራል። ያኔ መስመሩ ታጥቦ ጎሚኒ የተባለ ሁሉ ይቀየራል፣ ማስተሩም ጭምር። ዘይቱን እንዳፈሰሳችሁ ወዲያው ስህተቱን ካወቃችሁ ግን ፔዳሉን እንዳትረግጡ። በእያንዳንዱ ርግጫ ዘይቱ ወደ ታች ይገፋል። መኪናው እዚያው ይቁም፣ መካኒክ መጥቶ መጀመሪያ በዘይቱ ዕቃ ውስጥ ያለውን ይምጠጥ።