ክላስ ከመጣላችሁ በፊት ይህችን ሒሳብ ሥሩ

አሜሪካ በፔል ግራንት ወይም በፌዴራል ብድር ለምትማሩ፦ ጂፒኤያችሁ 3.5 ሆኖም እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል። ብዙ ኮሌጆች ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን እንድታጠናቅቁ ይጠይቃሉ። «ደብሊው» (W፣ የጣላችሁት ክላስ ላይ በውጤት ፋንታ የሚጻፈው ምልክት) ጂፒኤ አይነካም፤ እዚህ ላይ ግን ክላሱ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ስልካችሁን አውጡና የዚህን ሴሚስተር ጨምራችሁ የምታጠናቅቁትን ክሬዲት ለተመዘገባችሁበት ጠቅላላ አካፍሉ። እስካሁን ከ24 ክሬዲት 17ቱን አልፋችሁ አሁን 12 ይዛችኋል እንበል። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ክላስ ብትጥሉ 26 ለ36፣ ማለትም 72 በመቶ ነው፤ አያሰጋም። ሁለት ብትጥሉ ግን 64 በመቶ ላይ ትወርዳላችሁ።

መጣል ካልቀረ በአድ-ድሮፕ ጊዜ (ሴሚስተሩ ሲጀመር ክላስ መጨመርና መቀነስ በሚቻልበት ጊዜ) ውስጥ ይሁን፤ ያኔ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭራሹ እንደተመዘገባችሁ አይቆጠርም።

ኤፍ መምጣቱ የማይቀር ከሆነ ግን ደብሊው ይሻላል። ለመቶኛው ሁለቱም ያው ናቸው፣ ኤፍ ግን ጂፒኤውንም ይዞት ይወርዳል። ሁሉንም ክላስ በአንዴ መተው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ከሆነ ከተሰጣችሁ ገንዘብ ከፊሉን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።