ከባጃጅ ወደ ኮሮላ፦ አሜሪካ ለምትገቡ የቤንዚን ነገር

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ሐይቁ ዳር፣ ማኪያቶዬ እየቀዘቀዘ። ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ ታክሲ፣ በኋላ በአፕ የሚጠራ መኪና እየነዳሁ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። አሁን ለእረፍት መጥቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ሹፌር ነው። ዲቪ ደርሶት በሚቀጥለው ወር እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኢንሹራንስ ሳወራለት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ብዙም አይጠይቅም። ትናንት ግን ማደያ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት አብረን ከተቀመጥን በኋላ፣ "ጋሼ፣ እዚያስ ቤንዚን በሰልፍ ነው?" አለኝ።

አይደለም። ግን ነገሩ በአንድ ቃል አላለቀልኝም። እሱን የምትመስሉ ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እዚህ ማደያ ሄዶ "ስንት ነው?" የሚል ሰው የለም። ዋጋውን መንግሥት ያወጣል፤ ከተማው ውስጥ የትኛውም ማደያ ብትገቡ ያው ነው። የምንጠይቀው "አለ ወይ?" ብለን ነው። ሜሪላንድ ስትደርሱ ይሄ ይገለበጣል። ቤንዚን ሁሌም አለ። ዋጋው ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ማደያዎች ላይ እንኳ አንድ አይሆንም። ጠዋት ያያችሁት ማታ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። አዲስ ገቢ ሁሉ ታዲያ ዓይኑ ታፔላ ላይ ይቀራል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከታፔላው ይልቅ ቀኝ እግሬ ኪሴን እንደሚያራቁት የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንልመድ። እዚያ ቤንዚን "ጋዝ" ይባላል። በገባሁ ሰሞን እናቴን በስልክ "ቆይ ጋዝ ልሙላና እደውልልሻለሁ" ስላት፣ "ምነው ልጄ፣ እዚያም መብራት ይጠፋል እንዴ?" ብላ ደነገጠች። ለእሷ ጋዝ የኩራዝ ነው። ናፍጣ ደግሞ "ዲዝል" ነው። ብዙ ቦታ የናፍጣው እጀታ አረንጓዴ ቢሆንም ቀለሙን አትመኑ፤ ለቤንዚኑም አረንጓዴ የሚጠቀም ድርጅት አለ። ጽሑፉን አንብቡ።

የምትቀዱት ራሳችሁ ናችሁ። ኒው ጀርሲ ከገባችሁ ብቻ ሕጉ ሠራተኛ ይቅዳላችሁ ይላል፤ እዚያ ከመኪና ስትወርዱ ሰውዬው ሮጦ ይመጣል። ማሽኑ ላይ ካርድ ስታስገቡ ዚፕ ኮድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የሚፈልገው ባንክ ያስመዘገባችሁትን የአድራሻ ኮድ ነው። ሌላ ነገርም አለ። ስንት እንደምትቀዱ ማሽኑ አስቀድሞ ስለማያውቅ፣ በዴቢት ካርድ ስትከፍሉ ከሒሳባችሁ ላይ ከፍ ያለ ገንዘብ ለጊዜው ሊያዝ ይችላል፤ እስከ 175 ዶላር የሚደርስ አለ። ከቀናት በኋላ ይለቀቃል። ባንክ ያላችሁ 80 ዶላር ብቻ ከሆነ ግን የዚያን ሳምንት አስቤዛ ሊያስቀርባችሁ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቁ ግቡና "ቁጥር 6 ላይ የ20 ዶላር" ብላችሁ ክፈሉ። አንዳንዱ ማደያ ለጥሬ ገንዘብ ዋጋ ይቀንሳል፤ ታፔላው ላይ ሁለት ዋጋ ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው። ከዋጋው ጎን ያለችው ትንሽዬ 9 ደግሞ የሳንቲም ዘጠኝ አሥረኛ ናት። 3.29 ካለ 3.30 ብላችሁ አስሉት።

ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። 40 ጋሎን በስንት ሊትር እያላችሁ አትጨነቁ፤ በአራት እያባዛችሁ ለግምት ኑሩ።

87፣ 89፣ 93 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ሞኝነት ልናገር። ለአሮጌ ካምሪዬ ስድስት ወር ሙሉ 93 ቀድቻለሁ። ውድ ነው፣ ስለዚህ ይሻላል ብዬ! ቁጥሩ ጥራትን አይናገርም። ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ሲጨመቅ ያለ ጊዜው ሳይቀጣጠል ምን ያህል እንደሚችል ነው የሚናገረው። የመኪናችሁ መጽሐፍ 87 ይበቃል ካለ 93 መቅዳት በየሳምንቱ ለማደያው ጉርሻ መስጠት ነው። የነዳጅ መክደኛው ውስጠኛ ክፍል ላይ የተጻፈ ካለ እሱን ተከተሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። የአክስቴ ልጅ "ማን ነው የሚጨምረው?" ሲል አንድ ሰው የሚያዝበት ይመስለዋል። የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ መለኪያ 42 ጋሎን ነው። በርሜሉ 70 ዶላር ከሆነ ድፍድፉ ብቻ በጋሎን 1 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ማደያ ላይ ከምትከፍሉት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግማሹ ገደማ ይኼ ነው። ከዚህ አንዲት ጠቃሚ ስሌት ትወጣለች፦ በርሜሉ 1 ዶላር ሲጨምር ጋሎኑ ከ2 ሳንቲም ትንሽ በለጥ ይጨምራል። ዜና ላይ "ነዳጅ በ5 ዶላር ናረ" ሲባል 12 ሳንቲም ገደማ ጠብቁ እንጂ አትርበትበቱ።

ድፍድፉን የሚያንቀሳቅሰው የዓለም ገበያ ነው። ኦፔክ የሚባለው የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበርና አጋሮቹ ምርት ሲቀንሱ፣ ጦርነት ሲነሳ፣ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ በሰኔ ወር የአሜሪካ አማካይ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ዶላርን አለፈ። ያን ሰሞን ታክሲ የምንነዳ ሰዎች የምናወራው ሌላ ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2020፣ በኮቪድ ምክንያት ማንም መኪና ሳይነዳ ሲቀር፣ የአሜሪካ ድፍድፍ የውል ዋጋ ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ በርሜሉ ከዜሮ በ37 ዶላር ዝቅ ብሎ! ማደያ ላይ ግን ማንም በነጻ አልቀዳልንም። ለምን ቢባል ማጣሪያው፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ አልቀነሱም።

ቀረጡን ልጥቀስ። የፌዴራሉ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አልተነካም። የየግዛቱ ግን ይለያያል። ሜሪላንድ ከጎረቤቷ ከቨርጂኒያ ከፍ ያለ ቀረጥ ታስከፍላለች። ለሥራ ሁለቱን የሚለየውን ወንዝ ተሻግራችሁ የምትመላለሱ ከሆነ ቨርጂኒያ ላይ ቅዱ። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ድልድይ አትሻገሩ።

ወቅትም አለ። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ መሆኑን አትርሱ። ሙቀት ሲመጣ ቤንዚኑ እየተነነ አየር እንዳይበክል ሌላ ዓይነት ቅንብር እንዲሸጥ ሕጉ ያስገድዳል፤ ማደያዎች ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በእነሱ አቆጣጠር የሚሸጡት እሱን ነው። መሥራቱ ውድ ነው። ሰውም ትምህርት ቤት ተዘግቶ መንገድ የሚወጣው ያኔ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ ረገብ ይላል፤ የአውሎ ነፋስ ወቅት የቴክሳስና የሉዊዚያና ማጣሪያዎችን ካልመታ በቀር። እውነተኛ ሰልፍ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021፣ ከቴክሳስ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ የሚመጣው ኮሎኒያል የሚባለው ቧንቧ በኮምፒውተር ጥቃት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ሰው በድንጋጤ ሲሻማ ማደያ ደረቀ። እኔ ደግሞ እንደ ባሕር ዳር ልጅ ተረጋግቼ ተሰለፍኩ።

ዋጋ ሲጨምር ሮጦ ነው፤ ሲቀንስ እያዘገመ። ይሄ የሁሉም ሰው ሮሮ ነው፣ አጥኚዎችም ይስማሙበታል። የማደያ ባለቤት ላይ ብቻ አትፍረዱ እንጂ፤ አብዛኛው ከቤንዚኑ ሳይሆን ከቡናውና ከሲጋራው ነው የሚያተርፈው።

ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ምንዛሬው ላይ ነው። የእኛ ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል፣ የሚገዛውም በዶላር ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ድጎማው በደረጃ መነሳት ሲጀምር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲመራ ተደረገ፤ በ2017 ቤንዚን 100 ብርን አለፈ። በርሜሉ ባለበት ቢቆም እንኳ ዶላር ከተወደደ እዚህ ይወደዳል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ጣጣ የለም፤ ነዳጁም ደመወዛችሁም በዶላር ነው።

እነዚህን ሁሉ መቆጣጠር አትችሉም። ቀኝ እግራችሁን ግን ትችላላችሁ።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወሰደኝ። አባይን ከላይ አይተን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን ድርግም አደረገው። "ቤንዚን ነው ጋሼ" አለኝ እየሳቀ። ይህን ልማድ ባሕር ዳር ትቶት ቢሄድ ደስ ይለኛል። አዲስ መኪና ላይ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደነድናል። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ መውረድም ቢሆን አያተርፍም። የዘመኑ መኪና ማርሽ ላይ እያለ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ላይ ካደረጋችሁት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። መሄጃው ማርሽ፣ ዲ (D) ላይ ተዉት። የአባይ በረሃ የከባድ መኪና ሹፌሮች ማርሽ ይዘው የሚወርዱት ለፍሬናቸው ብለው ነው፤ እናንተ ለኪሳችሁም ይሆናችኋል።

ዋናው ነገር ግን ነዳጅ መስጫውንና ፍሬኑን የምትረግጡበት መንገድ ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ቀይ መብራት ከሩቅ ካየ ፔዳል መርገጥ ያቆማል፤ ፍሬን መያዝ የራሱን ላብ መጣል ስለሆነ። መኪናም ያው ነው፣ ላቡ የእናንተ ስላልሆነ ነው የማይታወቃችሁ። ተስፈንጥሮ መነሳትና ድንገት መያዝ አውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ ቆም ሄድ በሚባልበት መንገድ ከ10 እስከ 40 በመቶ ያባክናል ይላል የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት። የትኛውም ታፔላ 30 በመቶ አይቀንስላችሁም።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከፊት የሚገፋው አየር በፍጥነት ይከብዳል። 75 የሚነዳው ሰውዬ 65 ከሚነዳው ቀድሞ የሚደርሰው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከቀጣው ፖሊስ ጋር የሚያሳልፈውን ሳንቆጥር።

የእነሱን ክረምት ጠዋት ደግሞ ልንገራችሁ። እዚያ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። የመጀመሪያው ክረምት መኪናዬን በየጠዋቱ 20 ደቂቃ አስነስቼ አሞቅ ነበር። ሞተሩ ተነስቶ የቆመ መኪና በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን ይጠጣል። ለዘመኑ ሞተር 30 ሰከንድ ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በዝግታ እየነዳችሁ ይሞቃል። በረዶውን ከመስታወት መፋቅ ግን የግድ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታስነሱ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ አለበት።

ጎማ። እዚህ ጎሚስታ ዓይቶ፣ በእግሩ መታ አድርጎ ይነግረናል። እዚያ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ትክክለኛው የአየር ልክ እሱ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፣ በእሱ አትንፉ። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት (በእኛ 5.5 ሴልሺየስ ገደማ) በቀነሰ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ ነው) ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ ኅዳር ላይ ለኩት። ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ ሳጥን ካለም አውርዱት፤ አውራ ጎዳና ላይ ብዙ ያስበላል።

ርካሽ ማደያ ማሳደድ ላይ እንጨቅጨቅ። 10 ሳንቲም ለማትረፍ 8 ማይል ሄዳችሁ ብትመለሱ፣ በጋሎን 25 ማይል በሚሄድ መኪና ከ2 ዶላር በላይ አቃጥላችኋል። 12 ጋሎን ብትቀዱ ያተረፋችሁት 1 ዶላር ከ20 ነው። ጋዝበዲ (GasBuddy) የመሰለ የማደያዎችን ዋጋ የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና መንገዳችሁ ላይ ያለውን ብቻ ምረጡ። ኮስትኮ የሚባለው በአባልነት የሚሸመትበት ትልቅ ሱቅ አባል ከሆናችሁ ቤንዚኑ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሰልፉ ግን አገራችሁን ያስታውሳችኋል። በሃይላንድ ቤንዚን መግዛትና መያዝ የሚባለውንም እርሱት። ለመጠባበቂያ መያዝ ካስፈለገ ለቤንዚን የተፈቀደ ቀይ ጀሪካን አለ፤ እሱም መኪና ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

መኪና ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትዩ። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ፣ በጋሎን 25 ማይል የሚሄደው 480 ጋሎን ይጠጣል፤ 50 የሚሄደው 240። ጋሎኑ 3.50 ቢሆን ልዩነቱ በዓመት 840 ዶላር ነው። ሐበሻ ታክሲ ነጂ ነዳጅ ቆጣቢዋን የቶዮታ ፕሪየስ የሚወደው ለዚህ ነው።

ይህን ለአክስቴ ልጅ አስልቼ ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን አወጣ። "የኔ ባጃጅ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በእነሱ ስንት ነው?" አለኝ። አባዛን፣ አካፈልን። በጋሎን 59 ማይል ገደማ መጣ።

"ፕሪየስን በለጠቻ!" አለና ወደ ባጃጇ ዞረ። "ታዲያ ምን አሸጠኝ?"