አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ሲያስቸግር፦ ለኮምቦልቻ ባለጋሪዎችና ለደሴ ዙሪያ ፈረሰኞች

አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ብዙ ጊዜ "አመለኛ ሆነ" ይባላል። ይበረግጋል፣ ይራገጣል፣ ልጓም አልቀበልም ይላል። ባለቤቱም ወይ በጅራፍ ሊያርመው ይሞክራል ወይ በርካሽ ይሸጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተለወጠው አመሉ ሳይሆን የሚያየው ነገር ነው።

የፈረስ ዓይኖች ያሉት በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ነው። ስለዚህ አንገቱን ሳያዞር 350 ዲግሪ ያህል ያያል። ማለትም ዙሪያውን በሙሉ ማለት ይቻላል። የማይታየው ከጭራው ኋላ ያለችው ጠባብ ቦታና ከአፍንጫው ሥር ያለችው ብቻ ናት። አንዱ ዓይን ሲጠፋ ከዚህ ሁሉ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። ሰው አንድ ዓይኑን ሲሸፍን ይህን ያህል አይጎድልበትም፣ እና በራሳችሁ አትገምቱት።

ዓይኑ ቀስ በቀስ ከደከመ ፈረሱ ሳይታወቅ ይለምደዋል። በአንድ ቀን አደጋ ከጠፋ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ጭንቅላቱን አያስነካም፣ የጠፋው ዓይን አሁንም ያነባል

ሌላውን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ይሄን ለዩ። ፈረሱ የተቸገረው ስለማያይ ነው ወይስ ስለሚያመው? ዓይኑ ማየት አቁሞ ነገር ግን ውስጥ ካለ፣ ካበጠ ወይም ከሟሸሸ፣ እንባና ዓይናር ካልተወው፣ ሕመሙ አላለቀም ማለት ነው። የሚያመውን ፈረስ በስልጠና አታስተካክሉትም።

መፍትሄው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ ዓይኑ ይውጣ ካለ አትደንግጡ። የሚያመው ዓይን ሲወጣለት ብዙ ፈረስ ይረጋጋል። እንዲያውም ባለቤቱ "ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲሰቃይ ነበር" የሚለው ያኔ ነው። ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይፈታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማበጡ ያለ ነው። ከዳነ በኋላ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ግን ተመልሳችሁ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መወጋቱንም ጠይቁ። ፈረስ በዚህ በሽታ በቀላሉ ከሚጠቁ እንስሳት አንዱ ነው፣ ቁስል ደግሞ መግቢያው ነው። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ክሊኒክ አልችልም ካለ እዚያ ጠይቁ።

የጋሪ ፈረስ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። በእግርና በአንገት ቆዳ ላይ ተከታትሎ እየወጣ የሚፈነዳው እባጭ ዓይንንም ይይዛል። ሻጋታ ነው የሚያመጣው። በዝንብና በጋራ በሚታሰር ዕቃ ይተላለፋል። የዓይኑ መጥፋት ከዚህ የመጣ ከመሰላችሁ የዚያን ፈረስ ልጓም ለሌላ ፈረስ አታውሱ።

ስጠጋው ይዘላል፣ ይራገጣል

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእሱ እጃችሁ የመጣው ካልነበረ ሰው ነው። ፈረሱ ማንም ሳይመጣ በድንገት ተነካ።

ድምፅ ስጡት። ገና ከሩቅ ስሙን ጥሩ፣ እያወራችሁ ቅረቡ። ጆሮው ወደ እናንተ ሲዞር ሰምቷል ማለት ነው። የፈረስ ጆሮዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ ይዞራሉ። የጠፋውን ዓይን ሥራ የሚይዙለት እነሱ ናቸው። ጆሮው ካልዞረ አትንኩት። መጀመሪያ አንገቱን ወይም ትከሻውን ንኩ፣ ከዚያ እጃችሁን ሳታነሱ እየዳሰሳችሁ ወደ ወገቡ ሂዱ። በዓይነ ስውሩ ጎን በኩል ኋላ እግሩን መጀመሪያ የሚነካ ሰው ቢረገጥ ጥፋቱ የፈረሱ አይደለም።

ግራ ዓይኑ የጠፋ ከሆነ ሥራው ይበዛል። ብዙዎቻችን ፈረስ የምንጭነውም፣ የምንወጣበትም፣ ልጓም የምናስገባውም ከግራ ነው። እሱም የለመደው ይሄንኑ ነው። ከቀኝ መሥራት አስለምዱት፣ እናንተም ልመዱ። የግራውንም ጨርሶ አትተዉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዳብሱት፣ ቦርሹት።

ልጆችን ንገሩ። "ማሙሽ፣ በዚያኛው ዙር!" ማለት ብቻ አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ አሳዩአቸው። በማያየው ጎን ለሰው ምልክት እንዲሆን ነጭ ጨርቅ ማሰርም ይረዳል። ተራ ላይ ስትቆሙ ደግሞ የማያየውን ጎን ወደ ግድግዳ አድርጉ። መንገደኛ ሁሉ በሚያየው በኩል ይመጣል።

ባጃጅ ሲያልፈው ይበረግጋል

ኮምቦልቻ ላይ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለጋሪ ይመቻል። ግን ባጃጁ ብዙ ነው፣ በባቲ በኩል ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ተሳቢም እዚያው ያልፋል። መፍትሄው የጠፋው ዓይን የትኛው እንደሆነ ይለያያል።

እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው። ስለዚህ የሚቀድማችሁ መኪና ሁሉ የሚያልፈው በግራ ነው። ግራ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ድምፁን ከኋላ ይሰማል፣ ድምፁ እየጎላ ይመጣል፣ ግን ምንም አያይም። መኪናው ፊቱ ላይ ዱብ የሚለው ካለፈው በኋላ ነው። ይሄኔ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ቀኝ ደግሞ ቦይ አለ፣ እግረኛም አለ።

ለዚህ የሚሠራው የማስጠንቀቂያ ቃል ነው። መኪናው ሊደርስ ሲል ረጋ ባለ ድምፅ "መጣ" በሉት። ሁልጊዜ ያችኑ ቃል። መኪናው ሲያልፍና እሱም ሲረጋጋ አንገቱን መታ መታ አድርጉት። "ቼ" ለመሄጃ ነው፣ ለዚህ አትጠቀሙበት። ልምምዱን ያለ ጋሪ ጀምሩ። ጸጥ ባለ ሰፈር አንድ ሰው ይያዘው፣ የምታውቁት የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ ብሎ ይለፈው። ሲለምደው ርቀቱን ያጥብበው። ከዚያ ባዶ ጋሪ፣ ከዚያ ቀላል ጭነት። ሰው መጫን መጨረሻ ነው። ዋናው አስፋልት ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ። የዕለት ገቢ እንደሚቀር ይገባኛል፣ ጋሪ ሲገለበጥ ግን የሚቀረው የአንድ ቀን ገቢ ብቻ አይደለም።

ቀኝ ዓይኑ የጠፋ ከሆነ መኪናውን ያያል። የማያየው የመንገዱን ጠርዝ ነው። ቦዩን፣ የቆመውን ብስክሌት፣ ድንገት የሚገባውን በግ አያይም። አንዳንዱ ፈርቶ ወደ አስፋልቱ መሃል ይገፋል፣ አንዳንዱ ቦይ ውስጥ ጎማ ያስገባል። ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ንዱ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ቀስ በሉ፣ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ። ተሳፋሪ በቀኝ ሲወጣና ሲወርድ ፈረሱን አናግሩት።

አሁን ደግሞ ልጓሙን ተመልከቱ። ብዙ የጋሪ ፈረስ ከዓይኑ ጎን ኋላን የሚከልል ቆዳ ይታሰርለታል። ሁለት ዓይን ላለው ደህና ነው። አንድ ዓይን ለቀረው ግን የቀረችውን እይታ መቁረጥ ነው። በደህናው ዓይን በኩል ያለውን አውልቁለት። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው የጋሪ ጎማ ሲዞር ሊያስደነግጠው ስለሚችል፣ መጀመሪያ ጋሪው ሲገፋ ቆሞ ይመልከት። ግንባሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ቀይ የክር ጌጥም አሳጥሩት። ማማሩን አልካድኩም፣ ግን ደህናው ዓይን ላይ መወዛወዝ የለበትም።

ጅራፉ? እቤት ይቅር። የስንቱን ፈረስ ዓይን ያጠፋው የጅራፍ ጫፍ ነው። በማያየው በኩል የሚያርፍበት ጅራፍ ደግሞ ያስጋልበዋል እንጂ አያስተምረውም።

አንገቱን አጣሞ ይሄዳል

አንገቱን ወደ ጠፋው ዓይን ጎን ያዞራል። ደህናውን ዓይን ወደ መሃል አምጥቶ ከፊቱ ያለውን በሙሉ ለማየት ነው። ጎትታችሁ አታቅኑት፣ የሚያይበትን መንገድ ትወስዱበታላችሁ። ልጓሙን ላላ አድርጉለት። ርቀት የሚለካውም ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ይወጣል። ተጣሞ ስለሚጎትት አንዱ ትከሻ ይበልጥ ይሸከማል፣ ማሰሪያው በአንድ በኩል ይልጠዋል። ማታ ማታ ዕቃውን አውርዳችሁ ሁለቱንም ትከሻ በእጅ ፈትሹ። ሙቀት ወይም የረገፈ ጠጉር ካገኛችሁ ከሥሩ ወፈር ያለ ጨርቅ አድርጉ፣ ቆዳው ከተላጠ እስኪድን አሳርፉት።

ይደናቀፋል፣ ጋጣው በር ላይ ይገተራል

በሁለት ዓይን የሚለካውን ጥልቀት አጥቷል። ጥላ ጉድጓድ ይመስለዋል፣ ኩሬም እንዲሁ። ቁልቁለት ላይ ይብሳል። ከቦሩ ሜዳ ወይም ከኩታበር በኩል ወደ ደሴ የምትወርዱ ፈረሰኞች ሸርተት የሚያደርግ ቦታ ላይ ወርዳችሁ ሳቡት። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው የሐረጎ መንገድ ግን ክረምት ላይ ጉም ሲወርድበት ባለ ሁለት ዓይኑንም ያስፈራል። ከ600 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪናም አይጠፋበትም። አዲስ ዓይኑን ያጣ ፈረስ እዚያ አታስገቡ።

ጋጣ በር ላይ የሚቆመው በሌላ ምክንያት ነው። የፈረስ ዓይን ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ለመልመድ ከሰው ዓይን የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ጥቂት ይቁም፣ ራሱ ይገባል። ጋጣው ውስጥ የወጣ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ጠርዝና ሽቦ በፈረሱ ራስ ቁመት ልክ ፈልጋችሁ አንሱ። ግርግሙና ባልዲው አንድ ቦታ ይኑሩ። የአፍንጫውን ረጃጅም ፀጉር አትቁረጡ፣ ቅርቡን የሚዳስሰው በሱ ነው።

ከሳ

ከሌሎች ጋር የሚበላ ከሆነ በማያየው ጎን መጥተው እየነከሱ ያባርሩታል። ለብቻው አብሉት፣ ወይም ከረጋ ጓደኛ ጋር ብቻ። ለብቻው እየበላም ከከሳ ጥርሱንና የሆድ ትሉን አስመርምሩ።

ደህናው ዓይን ማንባት ጀመረ

ይሄ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። ማንባት፣ ዓይን መጨፈን፣ ብርሃን መሸሽ፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ ጉም፣ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱ። አንዱን ዓይን ያጠፋው የውስጥ ብግነት ሁለተኛውንም ሊይዝ ይችላል። ጨው፣ የታኘከ ቅጠል፣ ትንባሆ አታስገቡ። ቤት የተረፈ የሰው የዓይን ጠብታም እንዲሁ። ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ያለበት ጠብታ የተጫረ ዓይን ላይ ቢገባ ቁስሉን ያብሰዋል። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ዝንብ ሲበዛ ፊቱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት፣ ፍጉንም ከጋጣው አርቁ።

ወራት አልፈው ምንም ካልተለወጠ

አንዳንዱ አይለምድም። ድሮም ድንጉጥ የነበረ ፈረስ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ መንገድ ላይ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እሱን ከጋሪ አውጡት። ገጠር ጸጥ ያለ ቦታ ጭነት መሸከም ይችል ይሆናል፣ ሴት ከሆነች ትወልዳለች። ልትሸጡት ከሆነ የማያየው የቱ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስደነግጠውና የለመደው የማስጠንቀቂያ ቃል ምን እንደሆነ ለገዢው ንገሩት። ዋጋው ይወርዳል፣ ይውረድ። ሰውየው ሳያውቅ ልጆቹን ጋሪ ላይ ጭኖ አስፋልት ሊወጣበት ነው።