የበርጫውን ሲጋራ ከቤት ማስወጫ መንገድ፦ ለድሬና ለሐረር ቤቶች

በርጫ ያለበት ቤት ሲጋራ አይጠፋም። ሁሉም ባያጨስ እንኳ ከጀማው ሁለት ሦስቱ ይለኩሳሉ፣ ሌላው አብሯቸው ይተነፍሳል። ድሬም ሐረርም ነገሩ አንድ ነው። ምሳ ይበላል፣ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ከዚያ ምርቃናው እንዳይበተን ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል፣ እጣን ይጨሳል። ማታ እንግዳው ሲሄድ ገራባው ይጠረግና ልጆቹ እዚያው ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። የማወራው ስለዚያ ክፍል ነው። ጫት ቃሙ ወይም አትቃሙ የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወውና ዛሬ ሲጋራውን ከክፍሉ እናውጣ።

መጀመሪያ ጭሱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። ብዙ ሰው ቤት የሚበክለው ጭስ አጫሹ ስቦ የሚያወጣው ይመስለዋል። ለዚህ ነው ጨዋ የሆነ አጫሽ ፊቱን ወደ በር አዙሮ ጭሱን ወደ ላይ የሚተነፍሰው። ልቡ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ሲጠነቀቅ ሲጋራው በጣቶቹ መሃል ዝም ብሎ ይነዳል። ክፍል ውስጥ ከሚከማቸው የሲጋራ ጭስ 85 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ማንም ሳይስበው በራሱ ከጫፉ ከሚወጣው።

ማየት ለሚፈልግ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ክፍተት ገብታ ክፍሉን ስትሰነጥቀው መተርኮሻ ላይ የተቀመጠ ሲጋራ ተመልከቱ። ከጫፉ የሚወጣው ጭስ ቀጭን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ከፍ ሲል መጠማዘዝ ይጀምራል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከሰውየው አፍ የሚወጣው ግን ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከቅንጣቶቹ መጠን ነው። ሳንባ ደርሶ የተመለሰው ጭስ እርጥበት ስለያዘ ቅንጣቶቹ ወፍረዋል፣ ከፊሉም እዚያው አጫሹ ውስጥ ቀርቷል። ሰማያዊው ደቃቅ ነው፤ ቶሎ መሬት አይወርድም፣ ሰው ሲስበው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ሌላው ነገር ሙቀቱ ነው። ሰው ሲስብ የሲጋራው ጫፍ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ሳይሳብ ሲቀር ወደ 600 ይወርዳል፣ አየርም ያጥረዋል። ያኔ ትምባሆው በደንብ አይነድም። በደንብ ያልተያያዘ ከሰል ቤት ማስገባት ምን እንደሚያመጣ እናቶቻችን አሳምረው ያውቃሉ፤ የተረሳ ሲጋራም እንደዚያው ነው። ከጫፉ በሚወጣው ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አጫሹ ከሚስበው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው አሞኒያ ደግሞ ከ40 እስከ 170 እጥፍ ሆኖ ተለክቷል።

"ፊልተር አለው እኮ" የሚል መልስ ሁሌ ይመጣል። ፊልተሩ ያለው አፍ በኩል ነው። በእሱ የሚያልፈው አጫሹ የሚስበው ጭስ ብቻ ነው፣ በሌላው ጫፍ ለሚወጣው ምንም አያደርግም። ሲጋራ የሚለካበት ማሽን አለ። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት ይህ ማሽን በደቂቃ አንዴ፣ ለ2 ሰከንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር ጭስ ይስባል። "ላይት" ሲባሉ የኖሩት ሲጋራዎች የተለኩት በዚህች በ2 ሰከንዷ ነው። ቀሪውን 58 ሰከንድ ሲጋራው የሚጨሰው ለክፍሉ ነው። ሰው ከማሽን ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ እሺ። ግን ወሬ በሞቀበት በርጫ ላይ ስንቱ ሲጋራ ተረስቶ አመድ እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

የትምባሆ ድርጅቶች ይህንን አጥተውት አይደለም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን የጎን ጭስ የሚቀንስ ሲጋራ ለመሥራት ብዙ ደክመዋል። አንዱ መንገድ ወረቀቱን መቀየር ነው፤ አየር የሚያሳልፍበትን ቀዳዳ ያጠቡታል፣ እንደ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ያለ ማዕድን ይጨምሩበታል፣ ያኔ ከጫፉ የሚወጣው የሚታይ ጭስ ያንሳል። ሌላው ሲጋራውን ማቅጠን ነው፣ የሚነደው ትምባሆ ትንሽ እንዲሆን። ከዚህም አልፈው ትምባሆውን ሳያነዱ ለማሞቅ የሞከሩ አሉ። አር. ጄ. ሬይኖልድስ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ፕሪሚየር የሚባል ሲጋራ አወጣ፤ ጫፉ ላይ ያለ ካርቦን ይግላል፣ በሱ ሙቀት ጭሱ ይወጣል። አጫሾች ጣዕሙን አልወደዱትም፣ በ1989 ከገበያ ወጣ።

የወረቀቱ ዘዴ ላይ ትልቁ ችግር ለዓይን የሚታየውን መቀነሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም። ቅንጣቱ ሲያንስ ጋዙ በዚያው ልክ ያንሳል ማለት አይደለም፤ ጭስ የማያይ ሰው ደግሞ መስኮት ለመክፈት አይነሳም፣ ልጁንም ከክፍሉ አያወጣም። ስለዚህ ለቤታችሁ የሚሆን "ጭስ የሌለው" ሲጋራ እየፈለጋችሁ ጊዜ አታጥፉ።

አሁን ቤት ውስጥ ወደሚሞከሩት ነገሮች እንምጣ። ድሬ ላይ የመጀመሪያው ቬንትሌተር ነው። ሙቀቱን ለማስታገስ ጥሩ ነው፣ ጭሱን ግን ከአጫሹ አንስቶ ጥግ ላይ ለተኛው ሕፃን ያደርሳል እንጂ የትም አይወስደውም። ኤሲም ያንኑ የክፍሉን አየር አቀዝቅዞ ነው የሚመልሰው። እጣን ሽታውን ይሸፍናል፣ እሱም ራሱ ጭስ ነው፤ የእጣኑ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። መስኮት መክፈት ይረዳል፣ ግን አይበቃም፤ ነፋሱ ከውጭ ወደ ውስጥ ከሆነ ጭሱ ወደ ጓዳ ነው የሚገባው። "እኛ ሳሎን እናጨሳለን፣ ልጆቹ መኝታ ቤት ናቸው" የሚለውም እንዲሁ ነው። በር ስር ያለው ክፍተት ይበቃዋል። የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ሪፖርት ይህንን በግልጽ ይላል፦ አጫሹን በክፍል መለየት፣ አየሩን ማጣራት ወይም ማናፈስ የማያጨሰውን ሰው ሙሉ በሙሉ አያድንም፣ ጉዳት የሌለው መጠን የሚባልም የለም።

ጉዳቱ ደግሞ የሳል ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው ሂራያማ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ባሎቻቸው የሚያጨሱት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ አገኙት። እነዚህ ሴቶች ሲጋራ አልለኮሱም። ልጆች ላይ አስም ያባብሳል፣ የጆሮ ኢንፌክሽን ያበዛል። ልጁ በየጊዜው ጆሮውን እያመመው ሐኪም ቤት የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያጨስ ለሐኪሙ ንገሩት።

እንግዲህ መፍትሔው አንድ ነው፤ ሲጋራው ውጭ ይለኮስ፣ ውጭ ይለቅ። ይህ እንዲሠራ ግን "ውጭ" የሚባለው ቦታ ደህና መሆን አለበት። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዲያጨስ ብትነግሩት ሁለተኛው ቀን ላይ ተመልሶ ይገባል። ድሬ ፀሐይ ቀልድ አይደለችም።

ግቢያችሁ ውስጥ ጥላ ፈልጉ። ኒም ዛፍ ካለ ጨረሳችሁ። ከሌለ ማዳበሪያ ወይም ሸራ ወጥሩ። ሁለት ዱካ ወይም አሮጌ ወንበር አስቀምጡ፣ ስኒ የሚያርፍበት ነገርም አይጥፋ። ቦታው ከበርና ከመስኮት በተቻለ መጠን የራቀ ይሁን። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ለማወቅ ትንሽ ዱቄት ወይም አመድ ወደ ላይ በተን አድርጉ፤ ወደ ቤት ከሄደ ቦታውን ቀይሩ። ድሬ ከዚራ ሰፈር ያሉ የድሮ ቤቶች ሰፊ በረንዳ አላቸው፣ ሰው "ውጭ ነኝ" ብሎ እዚያ ይቀመጣል። በረንዳ ላይ መስኮት ካለ ግን ያው ቤት ውስጥ ነው። ደረጃውን ይውረድ።

መተርኮሻውን ከክፍሉ አውጡት። ይህ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መተርኮሻ ፍራሽ አጠገብ ካለ "እዚህ አጭስ" ማለት ነው፣ በአፋችሁ የፈለጋችሁትን ብትናገሩ። ለውጩ ቦታ ትልቅ የወተት ወይም የቲማቲም ቆርቆሮ ወስዳችሁ ግማሹን በአሸዋ ሙሉት፤ ድሬ ደቻቱ ወንዝ ላይ አሸዋ ሞልቷል። አሸዋ ውስጥ የተተከለ ቁራጭ ወዲያው ይጠፋል። በሳህን ላይ በግማሽ የተረገጠ ግን እየጨሰ ይቆያል፣ ከሁሉ የባሰ የሚሸተውም እሱ ነው።

ጀጎል ውስጥ ያለ ቤት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግቢው ጠባብ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ይጋራዋል፣ የናንተ "ውጭ" የጎረቤት መስኮት ሥር ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ከግቢው መሃል ይልቅ ወደ ውጭው በር ጠጋ ያለው ጥግ ይሻላል፣ ከጎረቤትም ጋር ተነጋገሩበት። የሐረሪ ቤት በመደቦቹ ላይ ብዙ ሰው ያስቀምጣል፤ አየር የሚወጣበት ግን ጥቂት ነው። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ላይ ያርፋል። የእናትና የአያት ስፌት በውሃ አይታጠብም፣ አንዴ ቢጫ ከሆነ ሆነ። ለልጅ ሲባል ያልተነሳ ሽማግሌ ለስፌቱ ሲባል ሊነሳ ይችላል፣ ይህንንም ተጠቀሙበት።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ደረጃው ላይ አታጭሱ። ጭሱ በደረጃው ተስቦ ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ ይጎበኛል። ታች ግቢ መውረድ ነው።

ሰውን መንገር ይከብዳል፣ በተለይ ለትልቅ ሰው። ከመለኮሱ በፊት መናገር ይሻላል፤ ከለኮሰ በኋላ መናገር ማሳፈር ይሆናል። ቦታውን እንደ ግብዣ አድርጉት። "ጋሼ፣ ለሲጋራ ውጭ ጥላ ሥር ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ፣ ሻይዎንም እዚያ አመጣለሁ" ሲባል የሚቀየም ሰው የለም። ለጓደኛ ቀለል ይላል፦ "አቦ፣ ውጭ ለኩስ፣ እዚህ ልጅ ይተኛል።" በቃ። ምክንያት አታብዙ፣ ክርክርም ውስጥ አትግቡ። የባሏ ጓደኞች ላይ መናገር የከበዳት ሴት ካለች መናገር ያለበት ባልየው ነው፤ እሷን የቤቱ ክፉ ማድረግ ልክ አይደለም። ባልየው ራሱ አጫሽ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ እሱ ይውጣ፣ ጀማው ተከትሎት ይወጣል።

አንድ ነገር ይጨመር። ሰው ሲጋራውን ጥሎ ወዲያው ሲገባ የመጨረሻው ጭስ ገና ከሳንባው እየወጣ ነው። ጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆይ፣ ውሃ ይጠጣ፣ እጁን ይታጠብ፣ ከዚያ ሕፃን ይቀፍ።

እስከ ዛሬ የተጨሰበትን ክፍል ማጽዳትም አለ። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ የቬንትሌተሩን ክንፍ ጥረጉት፣ ከዚያ ጨርቁን ተመልከቱት። ያ ቡናማ ነገር ግድግዳውም፣ መጋረጃውም፣ ፍራሹም ላይ አለ። ግድግዳውን ሙቅ ውሃ ላይ ኮምጣጤና ሳሙና ጨምራችሁ እጠቡት፣ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች። ሳይታጠብ ቀለም ከተቀባ ቢጫው በአዲሱ ቀለም ውስጥ ተመልሶ ብቅ ይላል። የፍራሽና የትራስ ልብሱን አውልቃችሁ እጠቡ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡት። በዚህስ ድሬን የሚያህል የለም።

ልጅን ሱቅ ልኮ ሲጋራ በፍሬ ማስገዛት ደግሞ ይቅር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው፣ ባለሱቁንም ችግር ውስጥ ትከቱታላችሁ። ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም በርጫ ቤት የምታሠሩ ሰዎችም ይኸው አዋጅ ይመለከታችኋል፤ ጣሪያና ግድግዳ ባለው የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ይከለክላል። ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ ከፈራችሁ ግቢው ውስጥ ያለውን ጥላ አሳምሩት። ከሰል የምታመጣው፣ ሻይ የምታቀርበውና መተርኮሻ የምትደፋው ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ከማንኛውም እንግዳ በላይ ረጅም ሰዓት ትቆያለች። ቆርቆሮውን ውጭ አስቀምጡላት፣ ቁራጩንም አጫሹ ራሱ እዚያው አሸዋው ውስጥ ይቅበረው።